የክረምት አገልግሎትና የመስከረም ጥያቄ

(የኮሌጅ ተማሪዎች ስለሚሰጡት የበጎ አድራጎት ሥራ በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የኮሌጅ ተማሪዎች በክረምት ወራት ስለሚሰጡት የበጎ አድራጎት አገልግሎት በዚህ ጉባኤ ፊት ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ደስታም ስጋትም አደረብኝ። ደስ ያለኝ ነገሩን ስለምወደው ነው፤ አያሌ ክረምት ተማሪዎችን ይዤ ከአረጋውያን መጦሪያ እስከ ችግኝ ማፍያ፥ ከደም ባንክ እስከ ጭቃ ምርጊት ተመላልሻለሁና። የሰጋሁት ደግሞ ስለ በጎ ሥራ እንዲናገር የተጠራ ሰው አመስግኖ እንዲቀመጥ የሚጠበቅ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ምስጋናው ለተማሪዎቹ ይገባቸዋል፤ እኔም አልነፍጋቸውም። ነገር ግን ከምስጋናው ጋር አንዲት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ይህችውም፥ ተማሪው በነሐሴ መጨረሻ ጓዙን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ በመስከረም በዚያ ሰፈር ምን ይቀራል? የምትል ናት። የምጠይቀውም ተማሪዎቹን ሳይሆን እኛን ላኪዎቻቸውን ነው።

በብዙ አገር የተማሪ ረጅም ዕረፍት የሚውለው በበጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፥ መንገዱ ደረቅ፥ ቀኑም ረጅም ነው። የእኛ ተማሪ ግን የሚለቀቀው ሰማዩ ሲቀደድ ነው። ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ይሞላል፥ ጥርጊያ መንገዱም ይቈረጣል። ገበሬው በሐምሌ ጤፉን ይዘራል፥ በነሐሴ ያርማል፤ ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ፤ ጎተራው ባዶውን የሚታየውም በዚያው ወራት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የጊዜ ሰሌዳ አንዳንዴ ከቦታው ቢንሸራተትም፥ የክረምት አገልግሎት ሲባል ያው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ «ዕረፍት» የምንለው የትምህርት ቤት ቃል ነው፤ በገጠሩ ዘንድ ከእነዚህ ሁለት ወራት የበለጠ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ጥቂት ነው። ማታ ማታ ፊደል ላስተምራችሁ ብሎ በነሐሴ ወደ መንደር የሚገባ ወጣት፥ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ አረም ሲያርም የዋለን ሰው በኵራዝ ብርሃን አንብብ እያለው መሆኑን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

የአገልግሎቱ ጊዜ በተማሪው ዕረፍት እንጂ በችግሩ ጊዜ የተለካ ስላልሆነ የሚመጣውን መዘዝ ጥቂት ምሳሌ ጠቅሼ ላሳይ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ባስታወቀ ጊዜ የተማሪዎቻችን እጅ በዚያ ሥራ ውስጥ ነበረበት። ከዚያም ወዲህ በየክረምቱ ተማሪ ይተክላል። ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ጕልበት አለው፥ እየዘፈነ ይቈፍራል፥ ጭቃም አያስፈራውም። ዳሩ ግን ችግኝ በብዛት የሚሞተው በክረምት አይደለም። የሚሞተው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፥ አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ በየማሳው በሚለቀቅበትና ሣር በሚጠፋበት ደረቅ ወራት ነው። ያን ጊዜ ተካዩ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ስለ አፈር ጥበቃ ፈተና ይጽፋል። ወባም እንዲሁ ናት። በብዙው ቈላችን እጅግ የምትበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ስለ አጎበር አጠቃቀም ሲያስተምር የከረመው ተማሪ ነሐሴ ሲያልቅ መኪና ሲሳፈር ትንኟ ገና መምጣቷ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን የደም ነገር ነው። በአገራችን በፈቃዳቸው ደም የሚለግሱ ሰዎች በብዛት ከሚገኙባቸው ቦታዎች መካከል ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ዋነኞቹ ናቸው። ስለዚህ ግቢው በክረምት በተዘጋ ቍጥር የደም ባንኩ ምንጭ ይቀንሳል፤ በወሊድ ደም የሚፈስሳት እናትና በመንገድ አደጋ የተጐዳ ሰው ግን የትምህርት ዘመን እስኪከፈት አይጠብቁም። የተለገሰ ደም በማቀዝቀዣ ተጠብቆ እንኳ ከ35 ቀን ገደማ በላይ ስለማይቈይ፥ በግንቦት የተሰበሰበው ለነሐሴ አይደርስም። እንግዲህ የበጎ አድራጎት ወራት ብለን በምንጠራው ጊዜ፥ የአንዱ ትልቅ በጎ አድራጎት ጓዳ የሚራቈተው ተማሪው ወደየአገሩ ስለ ተበተነ ነው ማለት ነው። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፥ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጤነኛ ወጣት በየሦስት ወሩ ደም ሊለግስ ይችላል። ከአንድ ሰዓት የበዛ ጊዜም አይወስድበትም። እኔ በበኩሌ ተማሪዎቼን በሰኔ ስሸኛቸው፥ ለክረምቱ ሌላ ምንም አገልግሎት ባይመዘገቡ እንኳ፥ በሚገቡበት ከተማ የሚቀርባቸው የደም ባንክ የት እንደ ሆነ ጠይቀው እንዲጽፉልኝ አደርጋለሁ። ይህን ሥራ እንደ አገልግሎት የማይቈጥሩ ሰዎች አሉ፤ ቀኑ አጭር ስለ ሆነ በቅጹ ላይ የሚሞላ ነገር አይገኝበትም ይላሉ። ጥፋቱ የቅጹ ነው እላለሁ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ የሰው ጥፋት ብቻ እየዘረዘሩ መናገር ለመምህር አያምርምና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐሥራ አራት ተማሪዎች ይዤ የአንዲት ባልቴት ቤት ለማደስ ተሰማራን። ስሟንም ከተማዋንም አልጠራም። ቤቱ ያዘመመ፥ ቆርቆሮው የበሰበሰ ነበር። የሥራው ገንዘብ የተገኘው በሰኔ መጨረሻ ስለ ነበረ፥ ሥራው በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ይጀመር ተባለ። እኛም በአንድ ጧት ቤቱን አፈረስነው። አሮጊቷ ከጎረቤት ደጅ ቆመው ሲያዩን ቈይተው፥ «መምህር፥ በክረምት ቤት ይፈርሳል እንዴ?» አሉኝ። «እማማ፥ አይስጉ፤ ዐሥር ቀን ብቻ ይታገሡን» አልኋቸው። ተማሪዎቹም ሣቁ፤ በክፋት አይደለም፥ የወጣት ሣቅ ነው። እርሳቸውም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ጎረቤት ማድ ቤት ገቡ፤ አልጋቸው በዚያ ነበረና።

ቋሚውና ማገሩ በደንብ ቆመ፤ ቆርቆሮውም ተመታ። ችግሩ የመጣው በጭቃው ነው። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው እንደሚነግራችሁ፥ የምርጊት ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለብዙ ቀን መቡካት አለበት፤ ከተመረገም በኋላ ደርቆ ስንጥቁ ሲታይ ነው ልስኑ የሚከተለው። በሐምሌ ጭድ ውድ ነው፥ ፀሓይም የለም። እኛ ደግሞ ቀን ቈጥረናል፤ የምረቃው በዓልና እንግዶቹም ተቀጥረዋል። ስለዚህ ዛሬ ያቦካነውን ነገ መረግነው፥ ጭዱንም ቈጠብን፥ ምርጊቱ ሳይደርቅ ለሰንነው። ዐሥሩ ቀን ዐሥራ ሰባት ሆነ። በመጨረሻ ሪባን ተቈረጠ፥ ፎቶግራፍ ተነሣን፥ አሮጊቷም መረቁን። ተማሪዎቹ የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ፤ እኔም ለኮሌጁ ሪፖርት ጻፍሁ። በሪፖርቱም ላይ «ሥራው ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል» የሚል ቃል አለበት። እስከ ዛሬ በፋይል ውስጥ ይገኛል።

መስከረም አጋማሽ ላይ ዝናብ በሚመታው በኩል ያለው ግድግዳ ጭቃው ከላይ እስከ ታች ወረደ። የሰማሁትም ከአንድ የሰፈሩ ሰው በገበያ ቀን ነው። አፈርሁ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ያን ሳምንት አልሄድሁም። ምዝገባ ነበረ፥ አዲስ ተማሪ ነበረ፥ ለመቅረት ምክንያት የማያጣ ሰው ሆንሁ። ከዐሥራ አራቱ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ብቻ ከመስቀል በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድ እንደ ጀመረች በኋላ ተረዳሁ። ሁለት ማዳበሪያ የጤፍ ጭድ በራሷ ገንዘብ ገዛች፤ ከጎረቤት አንድ ጭቃ የሚያውቅ ሰው ለመነች። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ሥራውን ያስተማሯት ሰውየው ብቻ አልነበሩም። አሮጊቷ በወጣትነታቸው የራሳቸውንም የጎረቤቶቻቸውንም ቤት ሲመርጉ የኖሩ ሴት ነበሩ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጭቃውን በጣታቸው እየነኩ፥ «ገና ነው፤ ይቡካ ልጄ» ይሏት ነበር። እኛ ዐሥራ አራት ሆነን ከአንድ መምህር ጋር ስንመጣ፥ ስለ ቤት አሠራር ከሁላችን የበለጠ የሚያውቁት የቤቱ ባለቤት መሆናቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ችግረኛ ስለ ሆኑ አላዋቂ አድርገን ቈጠርናቸው።

ግድግዳው በጥቅምት ተጠናቀቀ፤ እስከማውቀው ድረስም ቆሟል። ለዚያች ልጅ ግን ስለ ጥቅምቱ ሥራ የተሰጣት ምስክር ወረቀት የለም፤ ቅጹ ነሐሴ 30 ላይ ይዘጋልና።

እንዲህ ያለው የጊዜና የሥራ አለመመጣጠን በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተባለው ሥርዓት፥ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ወጥቶ እንዲያገለግል ሲያደርግ፥ ከተላኩት ብዙዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆነው ነበር። ያ ሥርዓት ጕድለት አልነበረውም አልልም። አንድ ትልቅ ጥቅም ግን ነበረው፤ በመስከረም የጀመረውን ክፍል በሰኔ ይፈጽመዋል። ዘሩንም አጨዳውንም ያያል። ወላጆች ያውቁታል፥ ሲታመም ይጠይቁታል፥ ሲያጠፋም ይወቅሱታል። ሁለት ወር የሚቈይ እንግዳን የሚወቅስ ሰው የለም፤ ይሸኙታል እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ዘመቻዎች በመጠን እጅግ የላቁ ነበሩ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ዛሬ በመካከላችን ከተቀመጡት አረጋውያን መምህራን አንዳንዶቹ ከዚያ ዘመቻ የተመለሱ ናቸው፤ ያልተመለሱ ጓደኞችም ነበሩአቸው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ በኋላ 15 ደርሷል፤ በዓመቱም በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት ለአገራችን አስገኝቷል። ፊደል የቈጠሩት ሰዎች ቍጥር በሚሊዮን ነበረ። ነገር ግን ፊደል ቈጥሮ የሚያነበው ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን መምህር ለሆነ ሰው አይነገረውም። ከዘመቻው በኋላ መጽሐፍና ጋዜጣ በደረሰበት መንደር ንባቡ ጸና፤ ባልደረሰበት ደግሞ ብዙዎች የቀራቸው ስማቸውን መጻፍ ብቻ ነው።

የጎረቤቶቻችንም ታሪክ ከእኛ አይርቅም። ሶማሊያ በ1965 ዓ.ም. ቋንቋዋን በላቲን ፊደል መጻፍ ከጀመረች በኋላ፥ በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ ከ20 ሺህ በላይ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ዘላኑ ሕዝብ ላከች። በዚያው ጊዜ ከባድ ድርቅ ወረደ። ፊደል ሊያስተምሩ የሄዱት ልጆች ከብቱ ካለቀበት ሕዝብ ጋር ሆነው በመጠለያው ሲረዱ፥ ሲመዘግቡና ሲያከፋፍሉ ሰነበቱ። ታቅዶ ከተሄደበት ሥራ ይልቅ በቦታው የተገኘው ሥራ በለጠ። ይህን የሶማሊያን ተማሪዎች ነገር ባሰብሁ ቍጥር፥ ዕቅዳችንን ይዘን ከመሄድ ይልቅ ጆሮአችንን ይዘን ብንሄድ እንዴት በተሻለ ነበር እላለሁ።

ታንዛኒያ ደግሞ ሌላውን ጥያቄ አነሣችልን። በጥቅምት 1959 ዓ.ም. የዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች፥ ከምረቃ በኋላ የሁለት ዓመት ብሔራዊ አገልግሎት ግዴታ እንዲሆንባቸውና አብዛኛውን ጊዜ በ40 በመቶ ደመወዝ እንዲያገለግሉ መታዘዙን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ 400 ያህሉን ከትምህርት አሰናብተው ወደየቤታቸው ሰደዱአቸው፤ ነገር ግን የራሳቸውንና የከፍተኛ ሹማምንቱን ደመወዝ በ20 በመቶ ቀነሱ። ስለ መጀመሪያው ውሳኔ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሁለተኛው ግን ለእኛ ለመምህራን የተነገረ ይመስለኛል፤ ተማሪው «እናንተስ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ሳይኖረን ልንልከው አይገባንም። ዛሬ በእኛ ዘንድ አገልግሎቱ በስም በፈቃድ ነው። ሆኖም ምስክር ወረቀት ያልያዘ ተማሪ ወደ ኋላ የሚቀርበት ቦታ ሁሉ ፈቃዱ በስም ብቻ ይቀራል። ፈቃደኛ እንዲሆን የታዘዘ ወጣት ፊቱን አይቶ የማያውቀው መምህር የለም።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላስታውስ። በአገራችን ከዘመናዊው ኮሌጅ በፊት ተማሪ ከቤቱ ወጥቶ በባዕድ መንደር የሚኖርበት ጥንታዊ ሥርዓት ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ለየኔታ እንጨት ይሰብራል፥ ውሃ ይቀዳል። ለመንደሩ የሚሰጠው ቍራሽ የለውም፤ ተቀባይ ነው። ግን መንደሩ ያውቀዋል። የትኛይቱ ሴት እንደምትሰጥ፥ የትኛው ቤት እንደ ተቸገረ፥ የማን ልጅ እንደ ታመመ እርሱም ያውቃል፤ በየቀኑ ደጃቸው ላይ ቆሞአልና። የዛሬው የክረምት አገልጋይ ግን ሰጪ ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ምሳውንም ይዞ ይመጣል። አንድ ቡና እንኳ ሳይቀበል የተመለሰ ተማሪ ሰፈሩን አየሁ ሊል አይችልም። ስለዚህ ተማሪዎቼን፥ ሲጋብዟችሁ እምቢ አትበሉ፥ ያቀረቡላችሁ ቆሎ ብቻ ቢሆንም ቁጭ ብላችሁ ብሉ እላቸዋለሁ። ይህን ምክር አንዳንድ ባልደረቦቼ «ድኻን ማስቸገር ነው» ብለው ይነቅፉታል፤ እኔ ግን አልተውሁትም። ደቦም ቢሆን የጠራው ሰው ሳያበላና ሳያጠጣ ደቦ አይባልም።

ታዲያ ሁለት ወር ብቻ ያለው ተማሪ የት ይሂድ? የእኔ አሳብ፥ ከእርሱ በፊት የነበረና ከእርሱ በኋላ የሚቈይ ሰው ወዳለበት ቦታ ይሂድ የሚል ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው፥ በረኀቡ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ የሌሎችን ልጆች ሲያሳድጉ ኖሩ። እንዲህ ያለ ሰው ባቆመው ቤት ውስጥ የሁለት ወር ተማሪ ቢገባ፥ የጀመረው ሥራ በነሐሴ አይቋረጥም፤ ቀድሞውንም የእርሱ አልነበረምና። እጁን ያውሳል፥ ሲሄድ ሌላ እጅ ይተካዋል።

በእንዲህ ያለ ቤት ተማሪው የሚያገኘው ሥራ ግን ያሰበው አይሆንም። አንድ የሥነ ልቡና ተማሪ አረጋውያንን አማክራለሁ ብሎ ወደ መጦሪያ ሲሄድ ያገኘው ትልቅ ሥራ ልብስ ማድረቅ ነበር። በክረምት የመቶ ሰው አንሶላ ታጥቦ የሚደርቅበት ፀሓይ ከየት ይመጣል? ደመናው ገለጥ ሲል አውጥቶ ማስጣት፥ ሲያጕረመርም ሮጦ ማስገባት፥ እንደ ገና ማውጣት፤ ሁለት ሳምንት ይህን ሲሠራ ቈየ። መጀመሪያ አኰረፈ። በኋላ ግን አንሶላውን ይዞ ሲገባ አንድ ዐይናቸው የጠፋ ሽማግሌ የእግሩን ኮቴ ለይተው «ዘነበ እንዴ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ፤ ከዚያም በኋላ ስለ ልጅነታቸው አወሩት። ምክር የሚባለው ነገር ከተፈጸመ በዚያ መንገድ ተፈጸመ፤ መካሪው ማን እንደ ነበረ ግን እርሱም እኔም እርግጠኞች አይደለንም። ምግብ ማጕረስም እንዲሁ ነው። አዲስ የመጣ ተማሪ ቆሞ ያጐርሳል፥ ይቸኵላልም። የቤቱ ሠራተኛ ወንበር አምጥታ «ቁጭ በል፤ ውጠው እስኪጨርሱ ዐይናቸውን እያየህ ቈይ» ትለዋለች። ይህን ትምህርት እኛ በኮሌጃችን አንሰጥም።

ስለ ገንዘብም መናገር አለብኝ፤ ብዙ ጊዜ የምናልፈው ነገር ነውና። ክረምት ለድኻ ተማሪ የሚሠራበት ወራት ነው። አንዱ ወደ አባቱ ማሳ ገብቶ ያርማል፤ ሌላው በከተማ ሸክም ይሸከማል፥ ለመስከረም ደብተሩንና ጫማውን ያጠራቅማል። እንግዲህ የበጎ አድራጎት አገልግሎት የትራንስፖርትና የምሳ ዋጋ ከራስ ኪስ የሚከፈልበት ከሆነ፥ በጎ መሆን የሚችለው ያለው ሰው ልጅ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጐበዝ ተማሪ ለክረምቱ ሥራ ለምን እንዳልተመዘገበ በሰው ፊት ጠየቅሁት፤ ዝም አለ። በኋላ ብቻውን ሲያገኘኝ፥ አባቱ ታመው እንደ ነበርና ሦስት ጥማድ ጤፍ ከእናቱ ጋር ሲያርም እንደ ከረመ ነገረኝ። ይህ አገልግሎት ካልሆነ አገልግሎት ምንድር ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ ያልተመዘገበን ተማሪ በአደባባይ አልጠይቅም፤ ባልደረቦቼም እንዳይጠይቁ እለምናለሁ። የቤተ ሰቡን አረም ያረመ ልጅ በኮሌጁ መዝገብ ላይ ከሌሎቹ እኩል ሊጻፍለት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ የሚቃወሙኝ እንዳሉም አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚሄድበትን ሰፈር ዕድር መጠየቅ የሚከብድ ነገር አይደለም። በእውነት የተቸገረው ማን እንደ ሆነ፥ የማን ጣራ እንደሚያፈስ፥ ማንስ ለመለመን እንደሚያፍር ከዕድሩ ዳኛ የተሻለ የሚያውቅ ባለሥልጣን የለም። ሲጠየቅም ቤቱ በሐምሌ ይፍረስ ብሎ አይመክርም፤ «በሐምሌ ጣራውን ብቻ ድፈኑ፥ ግድግዳውን ለጥር አቆዩት» ይላል። ይህን ምክር እኛ በወቅቱ ብንሰማ ኖሮ አንዲት አሮጊት ዐሥራ ሰባት ቀን በሰው ማድ ቤት ባላደሩ ነበር። ከመመለሱም በኋላ ተማሪው በጥቅምት ወይም በኅዳር አንድ ቅዳሜ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ የሠራውን እንዲያይ ጊዜ ይሰጠው። ችግኙን ይቍጠር፤ የደረቀውንም ይጻፍ። ያስጠናቸው ልጆች የክፍል መምህር እንዲቀበላቸው አስቀድሞ ይነገረው፤ አስተማሪው ሳያውቅ የተሰጠ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት በመስከረም እንደ ገና ከ«ሀ» ይጀመራልና። ምስክር ወረቀቱም ከዚያ በኋላ ይሰጥ። ለአራት ወር ቢዘገይ የሚጐዳ ሰው አይኖርም።

የትምህርት ቤት ኀላፊዎች እዚህ ላይ ስለ በጀት እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፥ ሐምሌ 1 ይከፈታል። የክረምት ሥራ የሚጀመረው ልክ የአሮጌው ሣጥን ተቈልፎ የአዲሱ ቍልፍ ገና ሳይመጣ ነው። የእኛ ጭቃ በሐምሌ የቦካው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ገንዘቡ በሰኔ ተገኘ፥ በሰኔ ካልወጣም ሊመለስ ሆነ። ስለዚህ የተማሪዎቹ የመኪናና የምሳ ወጪ ከግንቦት ሳያልፍ ተጠይቆ ለተቀባዩ ድርጅት እንዲሰጥ፥ የጥቅምቱ የመመለሻ ጕዞ ደግሞ በአዲሱ ዓመት በጀት ላይ ለብቻው ተጽፎ እንዲያዝ ማኅበራችን ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ቢያመለክት መልካም ነው። እኔ የማመልከቻውን ረቂቅ ጽፌ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከዕረፍቱ በኋላ ለሚመለከታቸው አባሎች አቀርበዋለሁ።